አልነሳም ያለው ፊኛ

እኔ የባጃጅ መካኒክ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኬሚስት ወይም የአፕል ሊቅ መስዬአችሁ እንዳትታለሉ ነው። ስሜ ሻንቆ ይባላል፤ ጂንካ ውስጥ ሞተሩ ያስነጠሰ ባጃጅ ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚገፋው። አንድ ሞተር አልነሳ ካለ ነገሩ ከሦስት አያልፍም፤ ወይ ነዳጅ የለውም፣ ወይ ካንዴላው እሳት አይሰጥም፣ ወይ የሆነ ቦታ አየር ያስወጣል። አለቀ! ባለፈው ዓመት ከግንቦት እስከ ሐምሌ ያሳበደኝ ጄሪካን ግን ችግሩ ከሦስቱም አልነበረም። ምን እንደነበረ ስትሰሙ እንደፈለጋችሁ ሳቁ፤ እኔ ድርሻዬን ስቄ ጨርሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው በመጥረቢያ ነው። አባቴ ዶላሞ የሚኖረው ከጂንካ በላይ ተራራው ላይ ነው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ጋራዤ መጣና ሰላምታውን እንኳን ሳይጨርስ መጥረቢያውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመው።

"በዚያ ማሽንህ ሳልልኝ" አለ። ግራይንደሩን ማለቱ ነው።

"ምን ልትቆርጥበት ነው አባዬ?"

"አፕሎቹን።"

ጓሮው ውስጥ አሥራ አንድ የአፕል ዛፎች አሉ። ችግኞቹን ያመጣቻቸው እናቴ ናት። ጨንቻ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ መኪና ላይ እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው ያመጣቻቸው። በተከለቻቸው በሁለተኛው ዓመት ሞተች፤ አንድ አፕል እንኳን ሳትቀምስ። ፎቶዋ የለኝም፤ የነበራት መታወቂያም ጠፍቷል። እናቴ ስትናፍቀኝ ተራራውን ወጥቼ ዛፎቹን አይቼ ነው የምመለሰው።

"ምን አደረጉህ?" አልኩት።

"ምን አደረጉልኝ በለኝ እንጂ! ጂንካ እስኪደርስ ይበልዛል፤ የበለዘ አፕል ደግሞ ማንም አይገዛም። ካኮ ገበያ ብወስደው አንዷ ገመጠችና 'ጨው የሌለው ድንች ነው' አለችኝ። መሬት ላይ ወድቆ ይበሰብሳል፤ ሽታው አስመርሮኛል። ሐምሌ አንድ ባህር ዛፍ እተክልበታለሁ።"

"አባዬ አፈር ስሆን! የማይበላሽ ነገር አድርጌው ባሳይህስ?"

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ቃል ከመስጠቱ በፊት ሰው ያስጨንቃል። ጣሪያውን አየ፣ ተሰቅሎ የቆመውን ባጃጅ አየ፣ እኔን አየ።

"እስከ ሐምሌ አንድ" አለ በመጨረሻ። "የማይበላሽ ነገር ካሳየኸኝ ዛፎቹ ይቀራሉ። መጥረቢያውን ግን ለማንኛውም ሳለው።"

ከጋራዤ ጎን ጸጉር ቤት ያላት ሶሲ ይህን ሁሉ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ስታዳምጥ ኖሯል። አባቴ ገና ከበር ሳይወጣ "አፕል ሳይደር አድርገዋ!" ብላ ጮኸች። እኛ ጋ አፕል ሳይደር የሚባለው ሴቶች ቦርጭ ያጠፋል፣ ጸጉር ያሳድጋል የሚሉት የአፕል አቼቶ ነው። ሶሲ ከአዲስ አበባ ነው የምታስመጣው። ግማሹን ደንበኞቿ ጭንቅላት ላይ ታፈሰዋለች፣ ግማሹን ቦርጯ እንዲጠፋ ትጠጣዋለች፤ ቦርጯ ግን እስካሁን አልሰማም።

"አይበላሽም?" አልኳት።

"ቀድሞ የተበላሸ ነገር ምኑ ይበላሻል!"

አንጀቴን አራሰችው። ያን ቀን ሥራ ፈትቼ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ ዋልኩ። ነገሩ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ጭማቂው በእርሾ ይፈላና እንደ ጠጅ ይሆናል። ከዚያ አፉ ክፍት ሆኖ ሲሰነብት ይኮመጥጥና አቼቶ ይሆናል። ጣጣው ታዲያ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቴ ትዕግስት የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፣ ቤታችንም ጠብታ አልኮል ገብቶበት አያውቅም።

"ያሰክራል?" አለችኝ።

"መሃል ላይ ትንሽ ያሰክራል።"

"በእኔ ቤት?"

"ማንም አይጠጣውም እኮ! በዚያ በኩል አልፎ ነው ሰላጣ ላይ የሚደርሰው።"

ለእናቴ ዛፎች ባይሆን ኖሮ እኔንም ጄሪካኑንም በአንድ ላይ ታስወጣን ነበር። "እሺ፤ ግን መንገድ ላይ ብዙ እንዳይቆይ" አለች።

ትዕግስት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ ቤት ለቤት እየዞረች ሽንት ቤት ክደኑ፣ እጅ ታጠቡ፣ ውሃ አክማችሁ ጠጡ ስትል ነው የምትውለው። ስለዚህ የእኛ ቤት ሞዴል ቤት ነው። ዝንብ እንኳን ሲገባ እግሩን ጠርጎ የሚገባ ይመስለኛል። እኔም ከጋራዥ ስመለስ እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤ ነው ራት የሚሰጠኝ።

አራት ማዳበሪያ ሙሉ አፕል በባጃጅ አመላልሼ አወረድኩ። አንዱን በሙቀጫ ወቀጥኩት፣ በንጹህ ሻሽ ቋጠርኩት፣ ከዚያ ራሴ በበየድኩት ብረት ውስጥ አስገብቼ በመኪና ክሪክ ጨመቅኩት። ክሪክ መኪና ያነሳል እንጂ አፕል ይጨምቃል ብሎ ማን ያስባል! ወርቅ የመሰለው ጭማቂ ዥው ሲል ሶሲ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የነበረችው ደንበኛዋ ቢጎዲ ጸጉሯ ላይ እንዳለ ወጥታ አብራ እልል አለች። ሃያ ሊትር ጄሪካን ሞላሁ፣ የዳቦ እርሾ ጨመርኩ፣ ክዳኑን ደግሞ እንደ ሞተር ብሎን ጥርቅም አድርጌ አጠበቅሁት። መካኒክ አይደለሁ? የሚያፈስ ነገር አልወድም። ሳሎን ሶፋው ጀርባ አስቀመጥኩት።

አራተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ደግሞ የቤት ለቤት ጸሎት ተራው የእኛ ቤት ነበር። አሥራ አምስት ሰው ሳሎናችን ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። መሪው ወንድም ባሮክ ድምፁ ያለ ማይክ አየር ማረፊያ ድረስ የሚሰማ ሰው ነው። ሶፋው ላይ፣ ልክ ጄሪካኑ ፊት ተቀምጦ፣ ለአንዲት እህት የሆድ ሕመም እየጸለየ ነበር። ግሏል፣ አልቦታል፣ እጁን ዘርግቷል።

"ውጣ!" አለ። "በኢየሱስ ስም፣ አሁኑኑ ውጣ!"

ቧ!

ወጣ። ክዳኑ ኮርኒሱን በስቶ ገባ፤ አረፋው ደግሞ ከሶፋው ጀርባ እንደ ተቆረጠ የውሃ ቧንቧ ተነሳ። ግማሹ ሰው "ሃሌሉያ!" አለ፣ ግማሹ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሆዷን ያመማት እህት ማን እንደ ነካት ሳይታወቅ ብድግ ብላ በር ላይ ተገኘች። ወንድም ባሮክ ከአናቱ እስከ ክራቫቱ በአረፋ ተለብጦ፣ እጁ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ከዚያ ቀስ ብሎ ከንፈሩን ላሰ።

"ይጣፍጣል" አለ።

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከዚያ ያቺ ሴትዮ "እኔስ ሆዴ ተወኝ!" ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ትዕግስት ብቻ አልሳቀችም። ኮርኒሱን አየች፣ የተለበጠውን ሶፋዋን አየች። እንግዶቹ እንደወጡ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ይሄ ነገር ሁለተኛ ሳሎኔ አይገባም።"

ስለዚህ ቀጣዩን ጄሪካን ኩሽና በር ላይ፣ የውሃ ጄሪካኖቻችን ከተደረደሩበት መጨረሻ አስቀመጥኩት። ያቺን ቦታ ልብ በሉልኝ።

ወንድም ባሮክ በማግስቱ ጋራዤ መጣ። ከሰንበት ትምህርት ቤት የተረፈ አንድ እሽግ ፊኛ ይዞልኛል። "ጋዙ መውጫ ይፈልጋል" አለኝ። "ፊኛውን በመርፌ ትንሽ ብሳና ክዳኑ ቦታ ላይ አልብሰው። ፊኛው ከተነሳ እየፈላ ነው፤ ከተኛ ሞቷል ማለት ነው።" ከጸሎት መሪ እንዲህ ያለ ምክር አልጠበቅሁም ነበር። "አያቴ ቦርዴ ትጠምቅ ነበር፤ ከማመኗ በፊት" አለ፣ ዙሪያውን እያየ።

ሁለተኛው ጄሪካን ላይ ቀይ ፊኛ አለበስኩ። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቀና አለ። እኔም ቀና አልኩ። በማግስቱ ከጋራዥ ስመለስ እንደ ጥጃ ጆሮ ተጋድሟል። ሦስት ቀን ጠበቅሁት፤ ወይ ፍንክች! ጭማቂው ዝም ብሎ ያየኛል።

ጀመርኩ እንግዲህ ምርመራ። ነዳጅ? ስኳር ጨመርኩለት። እሳት? አዲስ እርሾ ገዝቼ፣ በሞቀ ውሃ ቀስቅሼ ጨመርኩ። ማታ ላይ ፊኛው ተነሳ፤ በማግስቱ ወደቀ። አየር ያስወጣ ይሆን? እንደ ጎሚስታ ዙሪያውን ሳሙና ቀባሁት፤ አንድም ቦታ አያስወጣም። ጭማቂውን ደፋሁና ሦስተኛውን ሞላሁ። እሱም እንደዚያው፤ ማታ ይነሳል፣ ቀን ይሞታል። በርዶት ይሆናል ብዬ ጃኬቴን አለበስኩት። ሶሲ ይህን ሰምታ ካስኳን ተሸክማ ቤቴ ድረስ መጣች፤ ጄሪካኑ ሙሽራ ይመስል ጸጉር ማድረቂያ ሥር ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ከተሞቀ በኋላ ፊኛውን ገልጣ አሸተተችው።

"ሻንቆ፣ ይሄ ነገር ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል።"

"የትዕግስት ጋወን ነው የሚሸትሽ" አልኳት። እኔ ራሴ ከቤንዚን ሌላ የምለየው ሽታ የለም። ቢኖር ኖሮ ይሄን ሁሉ መከራ አላይም ነበር።

ሰኔ አሥራ ዘጠኝ አባቴ ደወለ። "ሳልከው?" አለኝ። ስዬው ነበር። መጥረቢያው ጋራዤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያብለጨልጫል። "ስዬዋለሁ" አልኩት። "ልታሳየኝ የነበረውስ ነገር?" "እየተሠራ ነው።" ስልኩን ዘግቼ ቤት ሄድኩና ጄሪካኑን በእልህ በእርግጫ አልኩት። ጄሪካኑ ምንም አልሆነም፤ የእኔ አውራ ጣት ግን ለሁለት ቀን ጫማ አልገባም አለ። የቀረኝ አፕል አንድ ማዳበሪያ ነበር፤ እሱም ከሁሉ የበለዘው። እሱ ከሞተ አለቀ፤ አሥራ አንዱም ዛፍ ማገዶ ሆኖ ይቀራል።

"ቀን ይሞታል" የሚለው ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ቀን ቀን ምን ይመጣበታል? በማግስቱ ሥራ የምሄድ መስዬ ወጣሁና ተመልሼ ኩሽና ውስጥ ከከሰል ማዳበሪያው ኋላ ተቀመጥኩ። አይጥም ይሁን ሌባ፣ ዛሬ እይዘዋለሁ ብዬ የጎማ መፍቻ ብረቴን ይዣለሁ።

ትዕግስት ለሥራ ለብሳ፣ መዝሙር እያንጎራጎረች መጣች። በእጇ ነጭ የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ጠርሙስ ይዛለች። የመጀመሪያውን ጄሪካን ከፈተች፤ አንድ ክዳን ጠብ አደረገችበት። ሁለተኛውን፣ አንድ ክዳን። ሦስተኛውን። አራተኛውን። አምስተኛው ጋ ደረሰች። ፊኛውን ቀስ ብላ አወለቀች፤ አንድ ክዳን ጠብ! ፊኛውን መልሳ አለበሰችው፣ አስተካከለችው፣ ቸብ ቸብ አደረገችው። መዝሙሩን አላቋረጠችም።

"ትዕግስት!" ብዬ ከከሰሉ ኋላ ብድግ አልኩ።

ጮኸች። ጠርሙሱን ልትወረውርብኝ ነበር። "አንተ! ምን ትሠራለህ እዚህ?"

"አንቺ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ውሃ እያከምኩ ነዋ!"

ከዚያ ጠርሙሱን አየች። ጄሪካኑን አየች። ፊኛውን አየች።

"ይሄ… ውሃ አይደለም፣ አይደል?"

"አይደለም።"

"እና እኔ በየቀኑ…"

"በየቀኑ!"

"እግዚኦ! እኔ አይደለሁም ሻንቆ፣ እጄ ነው! ስምንት ዓመት ሙሉ ጄሪካን ካየ እጄ ራሱ ነው የሚሄደው!"

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ቁጣው ጠፋና ሳቅ ወጣ። እሷም ጀመረች። ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጠን፣ እኔ በከሰል ጠቁሬ፣ እሷ ጋወኗን ለብሳ፣ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እርሾውን በየቀኑ በጀርም ስም እየገደለችው፣ ፊኛውን ደግሞ አይዞህ እያለች! ቆይቼ ሳያት ግን የእሷ እንባ የሳቅ ብቻ አልነበረም።

"የእናትህን ዛፎች ላስቆርጥ ነበር እኮ" አለች።

ያን ቀን ሥራ አርፍዳ ገባች። ጄሪካኑን በራሷ እጅ በፈላ ውሃ ደጋግማ አጠበችው። የመጨረሻውን ማዳበሪያ አብረን ወቀጥን፤ ክሪኩን እሷ ናት የመታችው። የበለዘውን ሁሉ አልጣልንም፤ የሻገተውን ብቻ ለቅመን አወጣን። የጄሪካኑ ቦታ ደግሞ ተቀየረ፤ ከመኝታ ቤታችን አልጋ አጠገብ።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ያለበስነው ቢጫ ፊኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ትዕግስትን ቀሰቀስኳት። በማግስቱም ቆሟል! በሦስተኛውም! ጆሯችንን ብናስጠጋ ውስጡ ጭስስ ይላል። እኔና እሷ በፒጃማ ስንጨፍር አልጋው እግሩን ሊሰብር ነበር። ሶሲ መጥታ በቪዲዮ ቀረጸችው፤ ወንድም ባሮክም "ለማየት ብቻ" ብሎ ሁለት ጊዜ መጣ።

ደስታችን ግን ቀን መቁጠር ረስቶ ነበር። ሐምሌ አንድ ሲመጣ ጄሪካኑ ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ጠጅ እንጂ አቼቶ አልሆነም፤ ለመኮምጠጥ ገና ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። አባቴ ደግሞ አንድ ቀን የሚያሳልፍ ሰው አይደለም። ባጃጅ ተኮናትሮ፣ ሁለት ሳጥን የባህር ዛፍ ችግኝ አስጭኖ፣ ጋራዤ በር ላይ ወረደ።

"መጥረቢያዬስ?"

አውርጄ ሰጠሁት። በአውራ ጣቱ ስለቱን ሞከረና "ጥሩ ነው" አለ። በሕይወቴ ሥራዬ ተመስግኖ እንደዚያ ቀን ከፍቶኝ አያውቅም።

ቤት ወሰድኩት። መጥረቢያውን ይዞ መኝታ ቤት ገባ። ትዕግስት ግድግዳውን ተደግፋ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

"አልደረሰም አባዬ" አልኩ። መዋሸት አልቻልኩም። "አሁን መሃል መንገድ ላይ ነው። ስድስት ሳምንት ብትታገሰኝ…"

ቁጢጥ አለ፣ ፊኛውን አወለቀና አፍንጫውን አስጠጋ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ያመመው መስሎኝ ጠጋ አልኩ።

"ይሄ ሽታ" አለ። "በየዓመቱ መሬት ሲወድቁ በመስኮቴ የሚገባው ይሄ ነው። አስካል የተከለችው ሁሉ ዓይኔ እያየ በሰበሰ እላለሁ። ገንዘቡን መቼ ፈልጌ፤ ይሄን ሽታ ነው መቻል ያቃተኝ።"

የእናቴን ስም ከሞተች ጀምሮ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። እስከዚያ ቀን ድረስ ዛፎቹን የምወዳቸው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

"መበስበስ አይደለም አባዬ" አልኩት። "እየፈላ ነው። ጆሮህን አስጠጋ።"

አስጠጋ። ጭስስ ይላል። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲፈታ አየሁት።

"ይተነፍሳል" አለ። ከዚያ ሽማግሌነቱ ትዝ አለውና ጉሮሮውን ጠረገ። "ያሰክራል?"

"ለጊዜው" አልኩ።

"እንግዲህ ንስሐ እስኪገባ እንጠብቀዋለን።"

ትዕግስት አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። እኔ ስቄ ይሁን አልቅሼ አላውቅም፤ አባቴን ብቻ እላዩ ላይ ወድቄ አቀፍኩት። "ችግኞቹስ?" ስለው "ድንበር ላይ አይበቅሉም ያለህ ማነው?" አለኝ። መጥረቢያውን እዚያው አልጋው ሥር ገፋው።

ያን ቀን እኛ ጋ አደረ። ሳሎን ሶፋው ላይ አንጥፈንለት፣ ጄሪካኑን አጠገቤ አድርጉልኝ አለ። ትዕግስት ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቀዳዳ አየት አድርጋ ጄሪካኑን ራሷ አመጣችለት።

ጠዋት እኔ በር ላይ ጫማዬን እያሰርኩ፣ ትዕግስት መዝሙሯን እያንጎራጎረች ኩሽና በር ላይ ያሉትን አራት ጄሪካኖች አከመች። ጠርሙሱን እንደያዘች ወደ ሳሎን ገባች፣ እያንጎራጎረች ሶፋው አጠገብ ጎንበስ አለች፣ ፊኛውን አወለቀች፣ ክዳኑን ሞላች። ልጮህ ስል ከጋቢው ሥር የአባቴ እጅ ወጥቶ አንጓዋን ያዛት።

"ልጄ፣ ይቺን ተያት" አለ፣ ዓይኑን እንኳን ሳይገልጥ። "የአስካል ናት።"